የባህር ዳርቻ ሪዞርት ኮንዶ ለኪራይ መግዛት፦ ከሕጉ ማጣራት እስከ ቁልፍ ርክክብ

ሪዞርት ውስጥ ኮንዶ የገዛ ሰው ስሙ በተዛወረበት ቀን የአንድ ትልቅ ሕንፃ ባለድርሻም ይሆናል። ጣሪያው፣ ሊፍቱ፣ መዋኛ ገንዳው፣ ከባህሩ ጋር የተያያዘው ግድግዳ የጋራ ነው። ሲፈርስም ወጪው የጋራ ነው። እንግዳ ለስንት ሌሊት ማደር እንደሚችል እንኳ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የባለቤቶቹ ማህበር እንጂ እርስዎ አይደሉም። አብዛኛው ገዢ ግን መጀመሪያ በረንዳው ላይ ቆሞ ባህሩን ያያል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ሰነዱን የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በመጀመሪያ ሕጉ፣ ቀጥሎ የማህበሩ ሰነድና የሕንፃው ጤንነት፣ ከዚያ ሒሳቡ፤ ባህሩ ባለበት ይቆያል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ የሚሸጥልዎት ምን እንደሆነ ይለዩ

በአንድ ዓይነት ማስታወቂያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። የመጀመሪያው ተራ ኮንዶ ነው፦ ክፍሉ የእርስዎ ነው፣ ደንቡ ከፈቀደ ራስዎ ወይም በመረጡት አስተዳዳሪ በኩል ያከራያሉ። ሁለተኛው ኮንዶ ሆቴል ነው። ሕንፃው እንደ ሆቴል ይሠራል፣ የእንግዳ መቀበያ አለው፣ የክፍሎቹ ባለቤቶች ግን የተለያዩ ግለሰቦች ናቸው፤ ኪራዩን የሚያካሂደው በአብዛኛው የሆቴሉ አስተዳደር ነው። ሦስተኛው በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ሳምንታትን የመጠቀም መብት የሚሸጥበት የጊዜ ድርሻ ነው። ይህ መልሶ ለመሸጥ እጅግ የሚያስቸግር ስለሆነ ለኪራይ ንግድ አይሆንም፤ እዚህ አንመለስበትም።

ኮንዶ ሆቴል ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአሜሪካ የአክሲዮንና ቦንድ ገበያን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን በ1973 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ኮንዶ ሲሸጥ አስተዳዳሪው የሚያስገኘው ትርፍ ጎልቶ ከተነገረ፣ ወይም የሁሉም ክፍሎች ገቢ በአንድ ቋት ገብቶ የሚከፋፈል ከሆነ፣ ሽያጩ እንደ አክሲዮን ሽያጭ ሊታይ ይችላል። የመነሻው ሐሳብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 በብርቱካን እርሻ ሽያጭ ላይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ስለዚህ እዚያ አገር ጠንቃቃ የሆነ ሻጭ ስለሚገኘው ገቢ ከመናገር ይቆጠባል። እንዲህ ያለ ገደብ በሌለበት አገር ደግሞ «ለተወሰኑ ዓመታት የተረጋገጠ ትርፍ» የሚል ተስፋ ይሰጥዎታል። ያ ትርፍ ከየት እንደሚከፈል ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በመሸጫው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ከእርስዎ የተወሰደ ገንዘብ ነው፤ የዋስትናው ጊዜ ሲያልቅ የክፍሉ እውነተኛ ገቢ ይታያል።

ደረጃ 2፦ ማከራየት መፈቀዱን በጽሑፍ ያረጋግጡ

«እዚህ ሁሉም ያከራያል» የሚል ቃል ማረጋገጫ አይደለም። ፈቃዱ በሦስት ቦታ ይጣራል፦ በመንግሥት ሕግ፣ በከተማው ወይም በአካባቢው ደንብ፣ እና በባለቤቶቹ ማህበር መተዳደሪያ። አንዱ ከከለከለ የሌሎቹ መፍቀድ አይጠቅምም።

ሕጉ ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ጥቂት ምሳሌዎች ይበቃሉ። በታይላንድ የሆቴል ፈቃድ ሳይኖር ክፍልን ከ30 ቀን ባነሰ ጊዜ ማከራየት ከሆቴል ሕጉ ጋር ያጋጫል፤ በፑኬትም ሆነ በፓታያ ኮንዶ ገዝቶ በየሌሊቱ ለማከራየት ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በስፔን ከኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጀምሮ በጋራ ሕንፃ ውስጥ አዲስ የቱሪስት ኪራይ ለመጀመር ከባለቤቶቹ የሦስት አምስተኛው እጅ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በዚያው ዓመት ከጁላይ ወር ጀምሮ ደግሞ የምዝገባ ቁጥር የሌለው ክፍል በኦንላይን ማስያዣ ድረ ገጾች ላይ መውጣት አይችልም። በዱባይ የበዓል ቤት ኪራይ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ከቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ማውጣትን ይጠይቃል።

የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ዝቅተኛው የኪራይ ጊዜ ስንት ሌሊት ነው? በዓመት ስንት ጊዜ ማከራየት ይፈቀዳል? ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ነው ወይስ ለክፍሉ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሻጩ ፈቃድ ኖሮት ለዓመታት አከራይቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱ በስሙ ከሆነ ግን ሲሸጥ አብሮ ይሞታል፣ እርስዎም ከተማው አዲስ ፈቃድ መስጠት ካቆመ እጅዎን አጣጥፈው ይቀራሉ። መልሱን ከደላላው አይውሰዱ። ለከተማው መሥሪያ ቤትና ለማህበሩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ ይቀበሉ።

በሌላ አገር የሚገዙ ከሆነ እግረ መንገድዎን የባለቤትነት መብቱን ያጣሩ። በሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ከባህር ጠረፍ 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ መሬት በውጭ ዜጋ ስም በቀጥታ አይያዝም፤ ገዢው በባንክ በኩል በሚቋቋም አደራ ይይዘዋል፣ አደራው የ50 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። በታይላንድ በአንድ ኮንዶ ሕንፃ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሊይዙት የሚችሉት ከጠቅላላው የክፍሎች ስፋት 49 በመቶውን ብቻ ነው፤ ኮታው ሞልቶ እንደሆነ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ያስጽፉ። በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። ሊዝ ላይ ዋናው ቁም ነገር የቀረው ጊዜ ነው፦ 99 ዓመት ተብሎ የተጀመረ ሊዝ 60 ዓመቱ ካለፈ፣ ከእርስዎ የሚገዛው ሰው ስለቀሪው 39 ዓመት ነው የሚከፍልዎት።

ደረጃ 3፦ የማህበሩን ሰነዶች ያንብቡ

ለዚህ ሥራ አንድ ሙሉ ቀን ቢሰጡ አይበዛበትም። ከሻጩ ወይም ከማህበሩ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ መተዳደሪያ ደንቡን ከነማሻሻያዎቹ፣ የያዝነውን ዓመት በጀት፣ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ዓመታት የተመረመረ ሒሳብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት፣ የሕንፃውን የኢንሹራንስ ውል፣ በፍርድ ቤት ያሉ ክርክሮች ዝርዝር፣ እና መዋጮ ያልከፈሉ ባለቤቶች ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ መረጃ።

ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ካጣሁ የቱን ላንብብ ካሉኝ፣ ቃለ ጉባኤውን እልዎታለሁ። በጀት በቁጥር ይደበቃል፤ ቃለ ጉባኤ ግን ሰዎች የተጨቃጨቁበትን ይናገራል። «ስለ ሦስተኛው ፎቅ ፍሳሽ በድጋሚ ውይይት ተደረገ»፣ «የመሐንዲሱ ሪፖርት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ»፣ «የአጭር ጊዜ ኪራይ ይቁም የሚል ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ወደቀ» የሚሉ መስመሮችን ፈልጉ ተብለው እንደታዘዙ ሆነው ይፈልጉ። የመጨረሻው በተለይ ለእርስዎ ነው። ዘንድሮ በጥቂት ድምፅ የወደቀ ሐሳብ ከርሞ ሊያልፍ ይችላል። በሕንፃው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ሰዎች እየበዙ ከሆነ በየሳምንቱ ሻንጣ እየጎተተ የሚገባው እንግዳ ይሰለቻቸዋል፣ ድምፃቸውም ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ከባለቤቶቹ ምን ያህሉ ነዋሪ፣ ምን ያህሉ አከራይ እንደሆኑ ይጠይቁ፤ ደንቡን ለመለወጥ የሚያስፈልገውን የድምፅ ብዛትም ከመተዳደሪያው ላይ ያግኙ።

ቀጥሎ መጠባበቂያው። ወርሃዊው የጋራ መዋጮ ትንሽ ሲሆን ገዢ ይደሰታል፤ በእኔ እምነት ግን ባህር ዳር ያለ ሕንፃ ላይ ዝቅተኛ መዋጮ መልካም ዜና አይደለም። ጣሪያ፣ ሊፍት፣ የገንዳ ፓምፕ፣ የውጭ ቀለምና የበረንዳ ብረት በታወቀ ዕድሜ ያልቃሉ። ለነዚህ በየወሩ ካልተቀመጠ፣ ሲያልቁ ሁሉም ባለቤት በአንድ ጊዜ ልዩ መዋጮ እንዲያወጣ ይጠየቃል። የመጠባበቂያ ጥናቱ ማህበሩ ዛሬ ሊኖረው የሚገባውንና በእርግጥ ያለውን ገንዘብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ልዩነቱን በክፍሎቹ ብዛት ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ቁጥር ከክፍሉ ጋር አብረው የሚገዙት ዕዳ ነው። ሲደራደሩ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ይጠይቁበት።

በጊዜው ያልተከፈለ መዋጮም ይመልከቱ። ብዙ ባለቤት መክፈል ካቆመ ጎዶሎውን የሚሞሉት የሚከፍሉት ናቸው። ሕንፃው ገና አዲስ ከሆነና ማህበሩን አሁንም አልሚው ራሱ የሚመራው ከሆነ ደግሞ፣ ክፍሎቹ ቶሎ እንዲሸጡ ሲል መዋጮውን ከእውነተኛው ወጪ በታች አድርጎት እንደሆነ ይመርምሩ።

ደረጃ 4፦ ሕንፃውን በባህር ዓይን ይዩት

የባህር ጨው ኮንክሪትን ራሱን ቶሎ አይበላም፤ የሚበላው ውስጡ ያለውን ብረት ነው። ከነፋሱና ከርጭቱ ጋር የሚመጣው ክሎራይድ ቀስ በቀስ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ፌሮው ጋ ሲደርስ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። መጀመሪያ ስንጥቅ ይታያል፣ ቀጥሎ ቡናማ እድፍ፣ ቀጥሎ ኮንክሪቱ እየተላጠ ይወድቃል። የመኪና ማቆሚያው ጣሪያ፣ የበረንዳዎች ሥርና የገንዳው ወለል ይህ ቀድሞ የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። ማሳያ ክፍሉን ከማየትዎ በፊት ምድር ቤቱን ይጎብኙ።

ይህ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ዓለም በጁን 24 ቀን 2021 አይቷል። በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ከተማ ባህር ዳር የነበረው ባለ 12 ፎቅ ቻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ ሌሊት ላይ በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው በ1981 የተሠራ ነው። ማህበሩ የቀጠረው መሐንዲስ በ2018 በገንዳው ዙሪያ ያለው ወለል ውሃ መከላከያው እንደማይሠራና ከሥሩ ያለው ኮንክሪት በብርቱ እንደተጎዳ ጽፎ ነበር። ጥገናው ግን በወጪ ክርክር ዘገየ፤ ሕንፃው ሲወድቅ ባለቤቶቹ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ልዩ መዋጮ ለማውጣት ገና እየተዘጋጁ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፍሎሪዳ ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮንዶዎች 30 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመሩ ታዘዘ፤ ለመዋቅርና ለጣሪያ የሚቀመጠውን መጠባበቂያ ባለቤቶች በድምፅ የመተው መብታቸውም ተገደበ። ከዚህ በኋላ በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች መዋጮው ናረ፣ መክፈል ያልቻሉም ክፍላቸውን ለገበያ አወጡ። ስለዚህ በዚያ ጠረፍ ረከስ ብሎ የሚሸጥ አሮጌ ኮንዶ ሲያገኙ፣ የምርመራ ሪፖርቱን ሳያዩ ርካሽ ነው አይበሉ።

እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ምርመራውን ራስዎ ያስደርጉ። ክፍሉን ብቻ የሚያይ መርማሪ አይበቃም፤ የጋራውን መዋቅር የሚያይ የመዋቅር መሐንዲስ ይቅጠሩ፣ ማህበሩም እንዲያስገባው አስቀድመው ያስፈቅዱ። «አይቻልም» ከተባሉ በዚያ መልስ ብቻ ሌላ ሕንፃ መፈለግ ይችላሉ።

ክፍሉ ውስጥ ጨው ቀድሞ የሚያጠቃቸውን ይፈትሹ፦ የተንሸራታቹ በር ሐዲድ፣ የመስኮት መዝጊያ፣ የአየር ማቀዝቀዣው የውጭ ክፍል፣ የበረንዳ መደገፊያ። ለባህር ዳር የሚስማማው የማይዝግ ብረት 316 የሚባለው ደረጃ ነው፤ ተራው 304 ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የባህር ዳርቻውንም ታሪክ ይጠይቁ። አሸዋው እየተሸረሸረ ከሆነ አሸዋ የማስሞላት ወጪ ማን ይሸፍናል? በካሪቢያን በኩል ከ2011 ጀምሮ ሳርጋሰም የተባለ የባህር አረም በብዛት እየመጣ ዳርቻውን ይሸፍናል፤ በበሰበሰ ጊዜ ሽታው እንግዳ ያባርራል። በሻጩ ፎቶ ላይ አያገኙትም፤ ያለፈው ዓመት እንግዶች የጻፉት አስተያየት ውስጥ ግን ያገኙታል።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡን ከታች ወደ ላይ ይሥሩ

ሻጩ የሚያሳይዎት ጠቅላላ ገቢ ነው። እርስዎ የሚኖሩት በተጣራው ነው። በምሳሌ እንሥራው፤ ገንዘቡ የትኛውም ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ክፍሉ በ200,000 ይሸጣል፣ የአንድ ሌሊት አማካይ ኪራይ 100 ነው፣ በዓመት 55 በመቶ ይያዛል እንበል፤ ይህም ወደ 200 ሌሊት ነው። ጠቅላላ ገቢ 20,000፤ ሻጩ «10 በመቶ ያስገባል» የሚለው ይህን ነው። አሁን እንቀንስ። የአስተዳዳሪው ድርሻ 30 በመቶ ቢሆን 6,000 ይሄዳል። የማስያዣ ድረ ገጾች ኮሚሽን 15 በመቶ ቢሆን 3,000። ለጥገናና ዕቃ መተኪያ 10 በመቶ ቢያዝ 2,000። እነዚህ ሦስቱ ከገቢው ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ። እንግዳ መጣ አልመጣ የሚከፈሉት ደግሞ አሉ፦ የማህበሩ መዋጮ በወር 300፣ በዓመት 3,600፤ የንብረት ግብርና ኢንሹራንስ 1,800፤ መብራት፣ ውሃና ኢንተርኔት 1,200። ድምሩ 6,600። የሚቀረው 2,400 ነው፤ ከግዢው ዋጋ 1.2 በመቶ። ብድር ካለብዎት ወለዱ ገና አልተነካም።

ከዚህ ምሳሌ የምፈልገው ግን ይህን ቁጥር አይደለም። የተያዙት ሌሊቶች ቢቀንሱ ምን እንደሚሆን ነው። 55 በመቶው ወደ 45 ቢወርድ፣ 164 ሌሊት ይሆናል፤ የሚቀረው 780 ነው። ሌሊቶቹ ከአምስት አንድ ያህል እንኳ ሳይቀንሱ ትርፉ በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። ወደ 35 በመቶ ቢወርድ ከኪስዎ 840 ይጨምራሉ። ቋሚ ወጪው 6,600 ስለሆነና ከእያንዳንዱ ሌሊት 45 ብቻ እጅዎ ላይ ስለሚቀር፣ ኪሳራና ትርፍ የማይኖርበት ነጥብ 147 ሌሊት ነው። የእርስዎን ክፍል እንዲሁ አስልተው ይህን ቁጥር ያግኙ፤ ከዚያ በመጥፎ ዓመትም ያንን ያህል ሌሊት ይያዝ እንደነበር ይመርምሩ።

የሌሊቶቹን ብዛት ከየት ያገኛሉ? ከሻጩ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የኪራይ መግለጫ በየወሩ ተዘርዝሮ ይጠይቁ፤ ከተቻለ ለግብር ያስታወቀውን ጭምር። በግብር ወረቀቱ ላይ ያለው ገቢ በማስታወቂያው ላይ ካለው ካነሰ፣ የግብሩን ይመኑ። በየወሩ ማለቴ ለምክንያት ነው፦ የባህር ዳርቻ ገቢ በጥቂት ወራት ተሰብስቦ ይመጣል። አንድ አውሎ ነፋስ ወይም አንድ የሊፍት ጥገና በሞቀው፣ እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ላይ ከወደቀ የዓመቱን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። በተጨማሪም ተመሳሳይ ክፍሎች በማስያዣ ድረ ገጾች ላይ በቀዝቃዛው፣ እንግዳ በሚያንስበት ወቅት በስንት እንደሚቀርቡና የቀን መቁጠሪያቸው ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ይከታተሉ። እርስዎና ቤተሰብዎ ሊያርፉበት ያሰባችሁባቸውንም ቀናት ይቀንሱ፤ ሰው የሚመኘው የሞቀውን ወቅት ነውና እነዚያ ቀናት ውድ ናቸው።

ደረጃ 6፦ የአስተዳደሩን ውል ከክፍሉ እኩል ይመርምሩ

በሌላ ከተማ ወይም አገር የሚኖር ባለቤት ያለ አስተዳዳሪ አይሆንለትም። የሪዞርቱ የራሱ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከገለልተኛ አስተዳዳሪ የበለጠ ይወስዳል፤ እስከ ገቢው ግማሽ የሚደርስም አለ። በምላሹ የእንግዳ መቀበያ፣ አንሶላ፣ ጽዳትና የራሱን ማስታወቂያ ይሰጣል። ጥያቄው ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ የሚለው ነው። በፈቃድ ነው ቢባልም፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ያለ ባለቤት እንግዳው ገንዳውንና የመኪና ማቆሚያውን እንዳይጠቀም የሚከለከልባቸው ሪዞርቶች አሉ።

በውሉ ውስጥ እነዚህን ይፈልጉ። የአስተዳዳሪው ድርሻ የሚሰላው ከጠቅላላው ገቢ ነው ወይስ የማስያዣ ድረ ገጾች ኮሚሽንና ግብር ከተቀነሰ በኋላ? እንግዳ ሲመጣ ክፍሎቹ በምን ተራ ይሰጣሉ? ያለ ተራ ሥርዓት፣ ሠራተኛው የሚወደው ክፍል ሁሌም ይያዛል፣ የእርስዎ ባዶ ያድራል። እርስዎን ሳያስፈቅድ እስከ ስንት ገንዘብ ጥገና ማዘዝ ይችላል? የቤት ዕቃውን በየስንት ዓመቱ ቀይሩ ብሎ ያስገድዳል? ከተለያያችሁ ማስታወቂያው፣ ፎቶዎቹና የእንግዶቹ አስተያየት የማን ሆነው ይቀራሉ? ውሉን ለማፍረስ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል? ክፍሉን ቢሸጡ ውሉ ገዢውን ያስገድዳል? አሁን ባሉ ሁለት ባለቤቶች በኩል ወርሃዊ ክፍያው በጊዜው ይደርስ እንደሆነ መጠየቅም ከውሉ የማያንስ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 7፦ ኢንሹራንስ

ሁለት ውሎች አሉ፦ ማህበሩ ለሕንፃው የሚገዛው እና እርስዎ ለክፍልዎ ውስጥ የሚገዙት። የማህበሩ ውል ግድግዳው ላይ ያቆማል ወይስ የወጥ ቤት ቁምሳጥንና ወለሉን ይጨምራል የሚለውን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የቀረውን በራስዎ ይሸፍኑ። ለሌሊት እንግዳ የሚከራይ ክፍል በተራ የመኖሪያ ቤት ኢንሹራንስ አይሸፈንም፤ ማከራየትዎን ለኢንሹራንሱ በግልጽ ይንገሩ፣ ካልነገሩ አደጋ ሲደርስ ክፍያ ሊከለክልዎት ይችላል።

ጎርፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። በአሜሪካ ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ በ1968 የተቋቋመው የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ይሸፍናል፣ ውሉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ነው። የአውሎ ነፋስ ሽፋን ደግሞ ራስዎ የሚሸከሙት ድርሻ በመቶኛ ይሰላል። የሕንፃው የኢንሹራንስ ዋጋ 40 ሚሊዮን፣ ድርሻው 5 በመቶ ከሆነ፣ ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት ባለቤቶቹ 2 ሚሊዮን ያዋጣሉ፤ 100 ክፍል ካለ ለእያንዳንዱ 20,000 ነው። ይህን የሚሸፍን ተጨማሪ አንቀጽ በግል ውልዎ ላይ ማስገባት ይቻላል፣ ይጠይቁ። ለጠፋ የኪራይ ገቢ የሚከፍል ሽፋንም ይጨምሩ፤ በሴፕቴምበር 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፎርት ማየርስ ቢችን ሲመታ የፈረሱትን ሪዞርቶች መልሶ መክፈት ወራት ሳይሆን ዓመታት ወስዷል።

ደረጃ 8፦ ብድርና ግብር

ከባንክ ጋር መነጋገር ያለብዎት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ነው። ባንክ የሚመረምረው እርስዎን ብቻ አይደለም፣ ሕንፃውንም ነው። በአሜሪካ የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜ ኮንዶ ሆቴሎችን አይቀበልም፤ ስለዚህ ለነሱ የሚያበድሩት ጥቂት ናቸው፣ ወለዱና ቅድሚያ ክፍያውም ከፍ ያለ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚገዙ ቢሆኑ እንኳ ይህ ይመለከትዎታል፤ ነገ ከእርስዎ የሚገዛው ሰው ብድር ካላገኘ የገዢዎ ቁጥር ያንሳል።

ግብሩን ከሁለቱም አገር አንጻር ያሰሉ፦ ክፍሉ ያለበት እና እርስዎ የሚኖሩበት። በአሜሪካ ባለቤቱ ራሱ ከ14 ቀን ወይም ከተከራየባቸው ቀናት 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው አልፎ ከተጠቀመበት፣ ክፍሉ እንደ መኖሪያ ተቆጥሮ ወጪ የማስቀነስ መብቱ ይጠባል። የውጭ ዜጋ ሲሸጥ ደግሞ ገዢው ከዋጋው 15 በመቶ ለግብር ይዞ የማስቀረት ግዴታ አለበት፤ ትርፉ ትንሽ ቢሆን እንኳ ቀሪው የሚመለሰው በማመልከቻ ነው። ከግዢው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ደረሰኝና ያደሩበትን እያንዳንዱን ቀን ይመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ክፍሉን አሁን ይምረጡ

እዚህ ደርሰን ነው ባህሩን የምናየው። በቀዝቃዛው ወቅት ይሂዱ፣ በእንግድነት ያንኑ ክፍል ወይም ጎረቤቱን ተከራይተው ይደሩ። ሊፍቱ ስንት ደቂቃ ያስጠብቃል? ሌሊት ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣው ሙዚቃ መኝታ ቤት ይገባል? የውሃው ግፊት ጠዋት ሁሉም ሲታጠብ ይበቃል? ለኪራይ የሚጠቅመው ብዙውን ጊዜ ትልቁ ክፍል አይደለም፤ ብዙ ሰው በምቾት የሚያሳድር፣ ሁለት መታጠቢያ ያለው፣ ከበረንዳው ላይ ባህሩ በፎቶ የሚታይ ክፍል ነው። የማዕዘንና የላይኛው ፎቅ ክፍል ውድ ነው፣ ነፋስና ዝናብም ይበልጥ ይመታዋል። ከፊት ለፊት ባዶ መሬት ካለ ምን ሊሠራበት እንደተፈቀደ ከከተማው ፕላን ያጣሩ።

ደረጃ 10፦ ቀብድ፣ ውልና ርክክብ

ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው የራስዎ ጠበቃ ይኑርዎት። ቀብዱን ለሻጩ ወይም ለደላላው በእጅ አይስጡ፤ በጠበቃ ወይም በገለልተኛ የአደራ ሒሳብ ይቀመጥ። ውሉ ላይ ቀብዱ የሚመለስባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረው ይጻፉ፦ የማህበሩ ሰነድ ካልጣመዎት፣ የመሐንዲሱ ምርመራ ጉድለት ካሳየ፣ ብድሩ ካልተፈቀደ፣ የኪራይ ፈቃዱ ካልተላለፈ። ጠበቃው ክፍሉ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ያጣራል፤ ማህበሩም በክፍሉ ላይ ያልተከፈለ መዋጮ አለመኖሩንና የታቀደ ልዩ መዋጮ አለመኖሩን በደብዳቤ ይግለጽ። የታቀደ ካለ ሻጩ እንዲከፍለው በውሉ ይታሰር።

ከመዋዋላችሁ በፊት የተያዙ ሌሊቶች ቢኖሩ፣ የእንግዶቹ ቅድሚያ ክፍያ በሻጩ እጅ ሊሆን ይችላል። በርክክቡ ቀን እንዲተላለፍልዎት ካልጻፉ፣ ገንዘቡ ለተበላበት እንግዳ አልጋ የሚያነጥፉት እርስዎ ይሆናሉ። ከዕቃው ጋር ከሆነ የሚሸጠው፣ ከአልጋ እስከ ማንኪያ ዝርዝሩ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ክፍያው ከማለቁ በፊት በዚያው ዕለት ገብተው ይቁጠሩ። ለስም ዝውውር የሚከፈለውን አስቀድመው ያሰሉ፤ ለምሳሌ በዱባይ የመሬት መምሪያው ብቻ ከዋጋው 4 በመቶ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ዓመት

ከገቢው ላይ ምንም ሳይወስዱ ቢያንስ የስድስት ወር ቋሚ ወጪ በተለየ ሒሳብ ያስቀምጡ። በላይኛው ምሳሌ ይህ 3,300 ነው። የአስተዳዳሪውን ወርሃዊ መግለጫ ከማስያዣ ድረ ገጹ የቀን መቁጠሪያ ጋር ያመሳክሩ፤ ተይዞ የታየ ሌሊት በመግለጫው ላይ ከሌለ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ። የአየር ማቀዝቀዣውን የውጭ ክፍልና የበር ሐዲዶችን በየጊዜው በንጹህ ውሃ ማስታጠብ በውሉ ላይ ይጨመር፤ ርካሽ ሥራ ነው፣ ዕድሜያቸውን ግን በእጅጉ ያራዝመዋል። የማህበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ሲጠራ በአካል መገኘት ካልቻሉ ለሚያምኑት ባለቤት ውክልና ይስጡ፤ ስለ ኪራይ ደንብና ስለ መጠባበቂያ የሚሰጠው ድምፅ እዚያ ነው የሚቆጠረው።